ቤት በገባሁ በሁለተኛው ወር የ6,480 ብር የመብራት ሂሳብ መጣብኝ፤ ዕዳው የማን ነው?

አዲስ ገቢ ከጎሮ (የውይይቱ ጀማሪ)
ግንቦት 4 ቀን 2017

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የምጽፈው። መጋቢት 1 ቀን ከገርጂ ወደ ጎሮ ተዛውረናል፤ እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆቻችን። ባለ ሁለት መኝታ ክፍል የግቢ ቤት ነው። ኪራዩ በባንክ ይከፈላል፤ ውሉም ወረዳ ቀርቦ ተመዝግቧል። ውሉ ላይ «የመብራትና የውሃ ክፍያ በተከራይ ይሸፈናል» የሚል አንድ መስመር አለ። ስፈርም ያ መስመር ምንም ቅር አላለኝም፤ የምጠቀምበትን እኔ ካልከፈልኩ ማን ይከፍላል ብዬ ነበር።

የመጋቢት የመብራት ሂሳብ በጣም ትንሽ ነበር። የ20 ኪሎዋት ሰዓት ፍጆታ ይላል። ደስ ብሎኝ በስልኬ ከፈልኩ። ትናንት ደግሞ የሚያዝያው መጣ፦ 6,480 ብር። ያለፈው ንባብ 13,420፣ የአሁኑ ንባብ 14,962፣ ፍጆታ 1,542 ኪሎዋት ሰዓት። ግቢ ወጥቼ ቆጣሪውን አየሁት። ሳጥኑ በአቧራ ተሸፍኖ ስለነበር በነጠላዬ ጫፍ ጠርጌ ነው ያነበብኩት፤ ቁጥሩ ትክክል ነው። ቆጣሪ አንባቢው ግንቦት 2 መጥቶ ሲያይ እኔው ነኝ በሩን የከፈትኩለት።

አከራያችን ጋ ስደውል «ውሉን አንብቢው፣ መብራት የተከራይ ነው» አሉኝ። እኛ ሌሊት የሚነድ አንድ አምፖል፣ ማቀዝቀዣ፣ ቴሌቪዥንና በሳምንት አንድ ቀን የሚጣድ ምጣድ ነው ያለን። በሁለት ወር ጊዜ ይህን ያህል እንዴት እንበላለን? ስንገባ ቆጣሪውን ፎቶ አላነሳሁም፣ ቁጥሩንም አልጻፍኩም። ስለዚህ በእጄ ምንም ማስረጃ የለኝም። ካልከፈልኩ መብራቱ ይቆረጣል፤ ልጆቼ ደግሞ ፈተና ላይ ናቸው። ምን ላድርግ?

---

የለቡዋ እናት
ግንቦት 4

እህቴ፣ በመጀመሪያ አይዞሽ። እኔም ከሦስት ዓመት በፊት ያገኘኝ ይኸው ዱብ ዕዳ ነው። ሳልጠይቅ፣ ሳላወያይ፣ መቆረጡን ፈርቼ ከፈልኩ። ከከፈልኩ በኋላ የሰማኝ ሰው የለም። «አምነሽ አይደል የከፈልሽው» አሉኝ። እባክሽ አትቸኩዪ።

---

የቀድሞ ቆጣሪ አንባቢ
ግንቦት 4

ልጄ፣ ለብዙ ዓመታት በር እያንኳኳሁ ቆጣሪ ያነበብኩ ሰው ነኝ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ያስቀመጥሻቸው ቁጥሮች ብዙ ነገር ይናገራሉ።

መጋቢት ላይ የመጣው 20 ኪሎዋት ሰዓት ንባብ አይደለም፣ ግምት ነው። አንባቢ መጥቶ ግቢው ሲዘጋበት ቆጣሪውን ማየት አይችልም። ያን ጊዜ በግምት ይሞላል። የቆጣሪው ቁጥር በውስጥ እየሮጠ፣ በወረቀት ላይ ግን እየተንቀራፈፈ ይሄዳል። አንድ ቀን በሩ ተከፍቶ እውነተኛው ቁጥር ሲነበብ፣ የወራቱ ልዩነት ሁሉ በአንድ ወር ሂሳብ ላይ ይወድቃል። በሩን የከፈትሽው አንቺ ስለሆንሽ ደግሞ አንቺ ላይ ወደቀ።

ስለዚህ መጀመሪያ ወደ መብራት ኃይል ቅርንጫፍ ሂጂና የዚህን ቆጣሪ የአንድ ዓመት የንባብ ታሪክ አትመው እንዲሰጡሽ ጠይቂ። በየወሩ 20፣ 20፣ 20 እየተባለ የተሞላበት ረድፍ ካየሽ ነገሩ አለቀ።

ሁለተኛው፣ ሂሳቡ ላይ ያለው የቆጣሪ ቁጥርና ሳጥኑ ላይ የተጻፈው አንድ መሆናቸውን አረጋግጪ። ይህን ብዙ ሰው አያየውም። ሁለት ሦስት ቆጣሪ ጎን ለጎን በተሰቀለበት ግቢ፣ በኮንዶሚኒየም ደረጃ ሥር ደግሞ ይበልጥ፣ የጎረቤትን ሲከፍል ዓመት ያለፈው ሰው በዓይኔ አይቻለሁ።

ሦስተኛው ትንሽ ሥራ ይጠይቃል። ከነገ ጀምረሽ በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ ጠዋት 1 ሰዓት በይው፣ ቆጣሪውን አንብበሽ ጻፊ። ሰባት ቀን ይበቃል። የቤታችሁ የቀን ፍጆታ ይታወቃል። ከዚያ በኋላ ከገባችሁበት ቀን እስከ ግንቦት 2 ባሉት ቀናት አባዝተሽ ከ14,962 ቀንሺ። የምታገኚው በገባችሁበት ቀን ቆጣሪው ላይ የነበረው ቁጥር ነው፣ በጥቂት ቢዛነፍ ነው። ፎቶ አላነሳሁም ብለሽ ተስፋ አትቁረጪ።

---

ሁለት ቤት አከራይ
ግንቦት 5

ሌላውን ወገንም ስሙ። እኔ አከራይ ነኝ። የመጨረሻው ተከራዬ በአንድ ሌሊት ዕቃውን ጭኖ ሲወጣ የአራት ወር መብራትና የስድስት ወር ውሃ ጥሎብኝ ነው የሄደው። ስልኩን ለወጠ። ቆጣሪው በስሜ ስለሆነ የተቆረጠውም የእኔ፣ የከፈልኩትም እኔ ነኝ። ስለዚህ ውል ላይ «ተከራይ ይከፍላል» ብሎ መጻፍ ክፋት አይደለም። ልጅቷ ያልተጠቀመችበትን ትክፈል አልልም፤ ግን አከራዩ ሌባ ነው ተብሎ እንዳይደመደም።

---

አዲስ ገቢ ከጎሮ
ግንቦት 5

ወንድሜ፣ አከራያችንን ሌባ አላልኩም፣ አይደሉምም። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ስንገባ በራቸው ላይ ቡና አፍልተው ነው የተቀበሉን። የከበደኝ የእርሳቸውን ክብር ሳልነካ ያልበላሁትን አልከፍልም ማለት ነው።

ጋሼ፣ የጻፉልኝን ለባለቤቴ አነበብኩለት፣ በጣም እናመሰግናለን። የቆጣሪውን ቁጥር አመሳክረናል፣ አንድ ነው። ከነገ ጠዋት ጀምሮ እጽፋለሁ።

---

የውል ጉዳይ
ግንቦት 5

በሙያዬ ጠበቃ ነኝ። ሁለት የተለያዩ ግንኙነቶች ስለተደባለቁ ልለያያቸው።

መብራት አቅራቢው ውል ያለው ቆጣሪው በስሙ ከተመዘገበው ሰው ጋር ነው፤ ይኸውም ከአከራይሽ ጋር። አንቺን አያውቅሽም። ስለዚህ ቅርንጫፉ «የቀድሞ ተከራይ፣ የአሁን ተከራይ» የሚለው ክርክር ውስጥ ባይገባ አይፈረድበትም። ውዝፍ ካለ የሚቆርጠው ቆጣሪውን ነው፤ ጨለማ ውስጥ የሚቀመጠው ደግሞ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ነው። ብዙ ተከራይ ሕግ እንደዚያ የሚል እየመሰለው የሌላውን ዕዳ የሚከፍለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሕጉ ግን ሌላ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1952 ውል የሚጸናው በተዋዋዮቹ መካከል ብቻ እንደሆነ ይደነግጋል። የቀድሞው ተከራይ በገባው ውል አንቺ ባለዕዳ ልትሆኚ አትችዪም። አንቺና አከራይሽ በፈረማችሁት ውል ውስጥ ያለው «የመብራት ክፍያ በተከራይ ይሸፈናል» የሚለው ቃል ደግሞ የሚሠራው ውሉ ከጀመረበት ቀን አንስቶ ነው። ከመጋቢት 1 በፊት አንቺ ተከራይ አልነበርሽም። ወደ ኋላ የሚሄድ ቃል በውሉ ውስጥ ካልተጻፈ በቀር ከዚያ በፊት ላለው ማንም ሊጠይቅሽ አይችልም።

በተግባር የምመክርሽ ይህንን ነው፦ ለቅርንጫፉ የምታቀርቢው ጥያቄ «ይህ ንባብ የስንት ወር እንደሆነ ይጣራልኝ፣ እስከዚያ አይቆረጥብኝ» የሚል ይሁን። በጽሑፍ፣ በሁለት ቅጂ፣ አንዱ ላይ ማኅተምና ቀን አስደርገሽ ለራስሽ አስቀሪ። ለአከራይሽ የምታቀርቢው ደግሞ «ከመጋቢት 1 በፊት ያለው የእርስዎ ነው» የሚለው ነው። ሁለቱን አታቀላቅዪ። በተቻለሽ መጠን አከራይሽ አብረውሽ ቢሄዱ ይመረጣል፤ ካልቻሉ ውክልና ወይም የፈረሙበት ደብዳቤ ይስጡሽ፤ ቆጣሪው በስማቸው ነውና።

---

የምጣድ ሂሳብ
ግንቦት 6

እኔ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነኝ። የምንጠቀምበት የእንጀራ ምጣድ አብዛኛውን ጊዜ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ይወስዳል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቢነድ 7 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ለቤት ውስጥ ዕቃ ይህ ትልቁ ተጠቃሚ ነው። አሁን የመጣብሽን 1,542 በ7 አካፍዪው፦ 220 ጊዜ መጋገር ማለት ነው። አንቺ ከገባሽ እስከ ንባቡ ቀን 61 ቀን ነው። በየቀኑ ሦስት ጊዜ ምጣድ ብትጥጂ እንኳ አትደርሺበትም። ይህን ስሌት ለቅርንጫፉ ኃላፊ ብታሳዪው ያለ ምንም ፎቶ ይገባዋል።

ሌላው የሚረሳው ነገር የታሪፉ እርከን ነው። የመኖሪያ ቤት የመብራት ዋጋ በእርከን የተሠራ ነው፤ የመጀመሪያው 50 ኪሎዋት ሰዓት በጣም ርካሽ ነው፣ የወሩ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ እያለ ይሄዳል። የብዙ ወር ፍጆታ በአንድ ወር ሲደመር ቤቱ የማይገባው እርከን ላይ ይወጣል። በየወሩ ቢነበብ ኖሮ በርካሽ የሚሰላው ሁሉ በውዱ ተሰላ ማለት ነው። ስለዚህ ዕዳውን ከመከፋፈላችሁ በፊት ሂሳቡ ራሱ በየወራቱ ተበትኖ እንደገና እንዲሠራ ጠይቁ። ይህ ለአከራይሽም ይጠቅማል። አብረው ለመሄድ ፈቃደኛ የሚሆኑበት ምክንያት አገኘሽ።

---

ለንደን ነኝ
ግንቦት 6

እዚህ እንግሊዝ አገርም ቤት በቀየርኩ ቁጥር የማልፍበት ጣጣ ስለሆነ ላካፍላችሁ። እኛ ዘንድ የመብራትና የጋዝ አቅራቢው ብዙ ነው፤ ቤት ስትገቢ አቅራቢውን አንቺ ባትመርጪውም ከገባሽበት ቀን ጀምሮ የእርሱ ደንበኛ ተደርገሽ ትቆጠሪያለሽ። ባለፈው ዓመት «ለነዋሪው» ተብሎ የተላከ የ612 ፓውንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። ዕዳው ግን የቀድሞው ሰው ነበር። የኪራይ ውሌን የመጀመሪያ ገጽና ቁልፍ በተቀበልኩበት ቀን ያነሳሁትን የቆጣሪ ፎቶ ላክሁላቸው። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሰረዙት።

እዚህ አገር ለአበሻ ወገኖቼ በተለይ የምናገረው ስለ ቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ነው። ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንከራየው ቤት በቁልፍ ወይም በካርድ የሚሞላ ቆጣሪ ያለበት ነው። የቀድሞው ተከራይ የተወውን ቁልፍ መሳቢያ ውስጥ አግኝታችሁ ገንዘብ አትሙሉበት። የእርሱ ዕዳ ቆጣሪው ላይ ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል፤ ሃያ ፓውንድ በሞላችሁ ቁጥር እየተቆረጠ ይሄዳል፣ እናንተም ቤቱ መብራት የሚበላ ይመስላችኋል። ለአቅራቢው ስልክ ደውላችሁ አዲስ ቁልፍ በስማችሁ እስኪመጣ ጠብቁ። ዘመዴ ስድስት ወር ሙሉ የማታውቀውን ሰው ዕዳ እንዲህ ስትከፍል ቆይታለች፤ አገር ቤት ላለች እናቷ የምትልከውን ገንዘብ ቀንሳ።

ደግሞም ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚህ የወጣ ደንብ አለ፦ አቅራቢው በራሱ ጥፋት ሳያስከፍል የቆየውን ፍጆታ ከ12 ወር በላይ ወደ ኋላ ሄዶ መጠየቅ አይችልም። ቅሬታው ስምንት ሳምንት ሳይፈታ ከቆየ ደግሞ ነጻ አገልግሎት ወደሚሰጠው የኃይል እንባ ጠባቂ መሄድ ይቻላል። አገር ቤት ይህ ይኑር አይኑር ባላውቅም ጠበቃው ያሉት ነገር፣ በጽሑፍና በቀን ማመልከት፣ እዚህም ያዳነኝ እርሱ ነው።

---

ሦስተኛ ፎቅ
ግንቦት 7

የኮንዶሚኒየም ሰዎች ደግሞ ሌላ ስም ያለው ዕዳ አለብን። እኔ የካ አባዶ ስገባ የመብራቱም የውሃውም ሂሳብ ንጹሕ ነበር። በሳምንቱ የሕንጻው ኮሚቴ አባላት መጥተው «የዚህ ቤት የደረጃ መብራት፣ የውሃ መሳቢያ ሞተርና የጥበቃ መዋጮ የ11 ወር አልተከፈለም» አሉ። ውሃ ወደ ሦስተኛ ፎቅ የሚወጣው በሞተር ስለሆነ ካልከፈልክ መስመሩን እንዘጋለን አሉ። ጎረቤት ሆነን እንደምንኖር ስለማውቅ መጨቃጨቅ አልፈለግሁም። የወደፊቱን ከዚያው ቀን ጀምሮ እንደምከፍል ደብተራቸው ላይ ፈረምኩ። ያለፈውን ግን ለባለቤቱ ጻፉ አልኳቸው። ኮሚቴው ተቆጣ፣ ከዚያ ባለቤቱ ጋ ደወሉ፣ ባለቤቱ ከፈለ። ሁሉም ሰው ዕዳውን በቅርቡ ያገኘው ሰው ላይ ይጥላል፤ ቅርብ የሆንነው ደግሞ እኛ ተከራዮች ነን።

---

የለቡዋ እናት
ግንቦት 8

ስለ ውሃም አንድ ነገር ልጨምር። ለቡ የገባን ጊዜ የመጀመሪያው ወር ውሃ 62 ሜትር ኩብ መጣብን። አራት ሰው ነን፤ ውሃ የሚመጣው ደግሞ በፈረቃ ነው፣ በሳምንት ሁለት ቀን። ባለቤቴ የቀድሞው ሰው ውዝፍ ነው ብሎ ሊጣላ ተነሳ። እኔ ግን ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቧንቧውን ሁሉ ዘጋሁና ባትሪ ይዤ ቆጣሪውን ለማየት ወጣሁ። መስታወቱ ውስጥ ያለችው ትንሽ ኮከብ እየተሽከረከረች ነው። ማንም ውሃ አልከፈተም! በማግስቱ የቧንቧ ሠራተኛ ስናመጣ መሬት ውስጥ የተቀበረው ማጠራቀሚያ ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ኳስ ተሰብሮ፣ ትርፉ ሌሊቱን ሙሉ በአጥሩ ሥር ወደ ጎረቤት ጓሮ ሲወርድ ተገኘ። የጎረቤታችን ጎመን ለምን እንደዚያ እንደለመለመ ያን ጊዜ ገባን።

ስለዚህ ከመከራከራችሁ በፊት ቆጣሪው ራሱ እየሄደ እንደሆነ እዩ። ውሃው በእኛ ጊዜ ነው የፈሰሰው፣ ከፈልን። ኳሱን ግን አከራዩ አስቀየሩ።

---

የቀድሞ ቆጣሪ አንባቢ
ግንቦት 8

ትክክል ነው። ውሃ ቆጣሪ ስታነቡ ጥቁሮቹን አኃዞች ብቻ ጻፉ፤ እነርሱ ሜትር ኩብ ናቸው። ቀዮቹ ከሜትር ኩብ በታች ያሉ ክፍልፋዮች ናቸው። ቀዩን እንደ ሙሉ ቁጥር አንብቦ «ሌላ ሰው ውሃዬን ሰረቀ» ብሎ የመጣ ሰው አጋጥሞኛል። በአሮጌው ባለ ዲስክ የመብራት ቆጣሪ ላይም በመጨረሻ በኩል ያለው ባለ ቀይ አኃዝ እንዲሁ ነው።

---

አዲስ ገቢ ከጎሮ
ግንቦት 14

ሰባቱ ቀን ትናንት ሞላ። ከግንቦት 6 እስከ ግንቦት 13 ጠዋት 1 ሰዓት፦ 38 ኪሎዋት ሰዓት። በዚህ ውስጥ አንድ የመጋገሪያ ቀን አለ። በቀን 5.4 ያህል ነው። ለ61 ቀን 331። ስለዚህ ስንገባ ቆጣሪው 14,631 አካባቢ ነበር ማለት ነው።

የቀድሞውን የንባብ ታሪክም አገኘሁ። ወረቀቱን ስቀበል እጄ ተንቀጠቀጠ። ከመስከረም እስከ መጋቢት ሰባት ወር ሙሉ ግምት! በየወሩ 20፣ 20፣ 20። የመጨረሻው እውነተኛ ንባብ ነሐሴ ላይ 13,280 ነው።

የጎረቤታችን እናት ደግሞ ሌላውን ጨመሩልኝ። ከእኛ በፊት የነበረችው ሴት እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች የምታቀርብ ነበረች። ቀን ቀን ዕቃ ልታደርስ ስለምትሄድ ግቢው ተዘግቶ ይውላል። ሰርቃ አይደለም፣ ደብቃም አይደለም፤ በየወሩ የመጣላትን ከፍላለች። የመጣላት ግን የበላችው አልነበረም። እውነት ለመናገር ይህን ስሰማ ንዴቴ ወረደ። ሁለት ምጣድ ላይ ቆማ ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ናት።

አከራያችን ግን ትናንት «እንግዲህ ካልተስማማሽ ቤቱን ልቀቂ» አሉኝ።

---

የውል ጉዳይ
ግንቦት 14

በዚህ አትሸበሪ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል፤ አከራይም በአዋጁ ከተዘረዘሩት ምክንያቶች ውጪ ጊዜው ሳይደርስ ሊያስወጣሽ አይችልም። ያልተጠቀምሽበትን መብራት አልከፍልም ማለት ከእነዚያ ምክንያቶች ውስጥ የለም። ኪራይሽን ግን በቀኑ በባንክ ክፈዪ፤ በዚህ ግርግር አንድ ቀን እንዳያልፍሽ። ውልሽ የተመዘገበ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። ይህን ሁሉ ግን ፊታቸው ላይ አዋጅ ዘርግተሽ አትንገሪያቸው። የሚያከብሩትን ሰው ላኪ፣ ሂሳቡን በወረቀት አሳዪ።

---

ሁለት ቤት አከራይ
ግንቦት 14

እኔም ከጠበቃው ጋር ነኝ። እንደ አከራይ ልንገርሽ፦ ሰውዬው የተቆጡት ስድስት ሺህ ብር ከየት ላምጣ ብለው ነው። ሂሳቡ በወራቱ ሲበተን እንደሚቀንስ ማንም አልነገራቸውም። መጀመሪያ እርሱን አሳዪአቸው። ልቀቂ ያሉት ግን ልክ አይደለም።

---

የቀድሞ ቆጣሪ አንባቢ
ግንቦት 15

ሂሳብሽን አየሁት፣ አንድ ነገር ግን አስተካክዪ። የመጋቢቱን 20 ኪሎዋት ሰዓት የከፈልሽው አንቺ ነሽ። ስለዚህ ከ331 ላይ 20 ቀንሺ፦ ያንቺ ቀሪ 311 ነው። ካንቺ በፊት ያለው 1,231። ሁለቱ ሲደመሩ 1,542 ይመጣሉ። ወረቀትሽ ላይ ቁጥሩ ካልገጠመ ሌላውን ሁሉ አያምኑሽም።

---

አዲስ ገቢ ከጎሮ
ሰኔ 6 ቀን 2017

ዘግይቼ ስለጻፍኩ ይቅርታ፤ ሁሉም እስኪያልቅ ጠብቄ ነው።

የጎረቤታችን ባለቤት፣ አከራያችን የሚያከብሯቸው የዕድሩ ሽማግሌ፣ አብረውኝ ሄዱ። እኔ ብዙ አልተናገርኩም። የንባብ ታሪኩንና የሰባት ቀኑን ደብተር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አከራያችን መነጽራቸውን አድርገው በየመስመሩ ጣታቸውን እያሳለፉ አነበቡ። «20፣ 20፣ 20… እኔም እኮ ይህችን ወረቀት አይቼ አላውቅም» አሉ። ከዚያ ዝም አሉ። ቡና መጣ። በማግስቱ አብረውኝ ቅርንጫፉ መጡ፤ ቆጣሪው በስማቸው ስለሆነ ማመልከቻውን እርሳቸው ፈረሙ።

ቅርንጫፉ ፍጆታውን በወራቱ በትኖ እንደገና ሠራው። 6,480 የነበረው 5,030 ብር ሆነ። የአከራያችን ድርሻ 4,016፣ የእኔ 1,014 ሆነ። እርሳቸው ሙሉውን በአንድ ጊዜ ስላልቻሉ ሂሳቡን እኔ ከፍዬ የእርሳቸው ድርሻ ከሁለት ወር ኪራይ ላይ እንዲታሰብ በጽሑፍ ተስማማን፤ ሽማግሌው ምስክር ሆነው ፈርመውበታል። የቀድሞዋን ተከራይ በስልክ አግኝተዋታል፤ ቀስ እያለች ልትከፍላቸው ቃል ገብታለች። በዚያ መካከል እኔ አልገባሁም።

መብራቱ አንድም ቀን አልተቆረጠም። ትልቁ ልጄ ፈተናውን ጨርሷል። ዛሬ ጠዋት ቆጣሪው 15,147 ነው፤ በየወሩ መጀመሪያ እየጻፍኩ የወጥ ቤቱ በር ጀርባ ላይ እለጥፋለሁ። ለአንባቢው ደግሞ ስልኬን ሰጥቻለሁ፤ ቤት ካልኖርኩ ፎቶ አንስቼ እልክለታለሁ።

---

ቅዳሜ ተዛዋሪ
ሰኔ 7

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። እኔ የሚመጣው ቅዳሜ ከሳሪስ ወደ ሃያት እዛወራለሁ። ስትገቢ ማስፈረም የነበረብሽን ወረቀት ብትጽፊልኝ?

---

አዲስ ገቢ ከጎሮ
ሰኔ 7

በደስታ። ጠበቃው አርመውልኛል፤ ከአከራያችን ጋርም አሁን ዘግይተን ፈርመነዋል፦

«እኛ አከራይና ተከራይ ዛሬ … ቀን … ሰዓት ላይ የቤቱን ቁልፍ ስንረካከብ የቆጣሪዎቹን ንባብ አብረን አይተናል። የመብራት ቆጣሪ ቁጥር …፣ ንባብ …። የውሃ ቆጣሪ ቁጥር …፣ ንባብ …። እስከዚህ ንባብ ድረስ ያለ ማንኛውም ያልተከፈለ ወይም በግምት ተሞልቶ ወደፊት የሚስተካከል ሂሳብ የአከራይ ነው። ከዚህ ንባብ በኋላ ያለው የተከራይ ነው። የጋራ መዋጮም ከዚህ ቀን ጀምሮ ብቻ ተከራይን ይመለከታል። ተከራይ ሲለቅ በተመሳሳይ ሁኔታ ንባብ ተወስዶ ይፈረማል።»

«በግምት ተሞልቶ ወደፊት የሚስተካከል» የምትለውን ሐረግ እንዳትተዋት። እኔን የጎዳኝ እርሷ አለመኖሯ ነው። ካርድ የሚሞላበት ቆጣሪ ከሆነም ካርዱንና ቀሪ ሂሳቡን አብራችሁ አይታችሁ ጻፉ። ፎቶ ስታነሳ ቁጥሩም የቆጣሪው መለያም በአንድ ላይ ይታዩ፤ መስታወቱን ቀድመህ ጥረገው።

---

ቅዳሜ ተዛዋሪ
ሰኔ 7

በሁለት ቅጂ አትሜዋለሁ። ከጭነት መኪናው በፊት አከራዩን በሩ ላይ አገኛቸዋለሁ።